የአንድ የሥነ አእምሮ ተመራማሪ የኅትመት መዝገብ እንዴት ይነበባል? የጅማ ተሞክሮ

መግቢያ

የአንድን መምህር የማዕረግ ዕድገት ለመመርመር የተሰየመ ኮሚቴ በፊቱ የሚቀርቡለት አብዛኛውን ጊዜ የታተሙ ጽሑፎች ዝርዝርና ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። ዝርዝሩ ተመራማሪው ምን ያህል እንደ ጻፈ፣ ቁጥሮቹ ደግሞ ሌሎች ምን ያህል ጊዜ እንደ ጠቀሱት ያመለክታሉ። ይህ አሠራር ለንጽጽር ይመቻል፤ ይሁን እንጂ የአንድ ጥናት ውጤት ወደ ሌላ ጥናት እንዴት እንደ ተሻገረ፣ በመጨረሻም ለማን እንደ ደረሰ አይናገርም። ችግሩ በሥነ አእምሮ ሕክምና ዘርፍ ጎልቶ ይታያል። ዘርፉ የሚመረምረውን ሕመም በደም ናሙና ወይም በራጅ ሳይሆን በአብዛኛው በጥያቄና መልስ፣ ማለትም በቋንቋ አማካይነት የሚለይ በመሆኑ የአንድ ተመራማሪ ትልቁ ውለታ በሚገባ የተፈተሸ መጠይቅ ሊሆን ይችላል። መጠይቅ ደግሞ ብዙዎች ይገለገሉበታል እንጂ የሠራውን ሰው የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ አንድ የኅትመት መዝገብ፣ በተለይም የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ማርቆስ ተስፋዬ ከባልደረቦቻቸው ጋር ካሳተሟቸው ሥራዎች ጥቂቶቹን በማሳያነት ይዞ፣ የአካዳሚያዊ ተጽዕኖን አነባበብ ያብራራል። ዓላማው አንድን ሰው ማወደስ ወይም ሥራዎቹን በሙሉ መዘርዘር አይደለም። መከራከሪያው አንድ ነው፦ በእኛ ሁኔታ የሥነ አእምሮ ተመራማሪ ተጽዕኖ በትክክል የሚታየው ጽሑፎቹ አንድ በአንድ ሲቈጠሩ ሳይሆን፣ አንዱ ለሌላው መነሻ እንደሆነበት ሰንሰለት ሲነበቡ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቁጥሮቹ የሚለኩትና የማይለኩት

በስፋት የሚሠራበት መለኪያ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ኤች-ኢንዴክስ ነው። አንድ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት ኤች-ኢንዴክሱ 10 ነው ይባላል። መለኪያው ብዛትንና ተጠቃሽነትን በአንድ ቁጥር ማዋሐዱ ተወዳጅ አድርጎታል። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። በጽሑፉ ላይ ዋናውን ሥራ የሠራውንና ስሙ በመካከል የገባውን ደራሲ አይለይም። የሙያ ዘርፎች የአንባቢ ብዛትና የማጣቀስ ልማድ እንደሚለያይ አያገናዝብም። ቁጥሩ በዕድሜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስምና ለጀማሪዎች አያደላም። ከዚህም በላይ የመረጃ ቋቱ ሲለወጥ የአንዱ ሰው ቁጥር አብሮ ይለወጣል፤ አንዱ ቋት የሚመዘግበውን የአገር ውስጥ መጽሔት ሌላው ላይመዘግበው ይችላልና። እንደ ኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ እንደሚያሳትመው ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ኸልዝ ሳይንስስ ባሉ መጽሔቶች ለሚጽፍ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የመወዳደሪያው ሜዳም እኩል አይደለም። ቪክራም ፓቴልና አቱላ ሱማቲፓላ በ2001 ባሳተሙት ጥናት ስድስት ታዋቂ የሥነ አእምሮ መጽሔቶችን መርምረው፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የዓለም ሕዝብ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች የመጡት ጽሑፎች 6 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይተዋል። እንግዲህ ከጅማ የወጣ ጽሑፍ የተጠቃሽነት ቁጥሩ ቢያንስ፣ የቁጥሩ ማነስ የጥራቱን ማነስ ብቻውን አያስረዳም። በ2012 የወጣው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ ተመራማሪን በመጽሔቱ ዝና ከመመዘን መቈጠብን ሲጠይቅ፣ በ2015 የታተመው የላይደን ማኒፌስቶ ደግሞ ለአካባቢው ጠቃሚ የሆነ ምርምር ጥበቃ እንዲደረግለት ማሳሰቡ ከዚሁ ግንዛቤ የተነሣ ነው።

መዝገቡ የሚነሣበት መሠረት

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሥነ አእምሮ ምርምር አዲስ አይደለም። ሮበርት ጊልና ቫን ሉይክ በ1969 በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ፣ በ1970 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ በሚገኝ የገጠር መንደር የአእምሮ ሕመምን ስርጭት የሚመለከቱ ጥናቶችን አሳትመዋል። ከዚያ በኋላ የምርምሩ ማዕከል ወደ ቡታጅራ ተሸጋገረ። በ1986 በተቋቋመው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ላይ ተመሥርተው ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ያካሄዷቸው ጥናቶች በ1999 በአንድ የስካንዲኔቪያ የሥነ አእምሮ መጽሔት ልዩ እትም ወጡ። ቀጥሎም ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች የተዳሰሱበት የጽኑ አእምሮ ሕመም ጥናት ተካሄደ።

ይህ ሁሉ የተሠራው ባለሙያ እጅግ ጥቂት በነበረበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2003 የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ሥልጠናን በአገር ውስጥ ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። የአንድ ሐኪም ጊዜ ለሕክምና፣ ለማስተማርና ለምርምር የሚከፈል በሆነበት ሁኔታ የታተሙ ጽሑፎችን ብቻ ቈጥሮ መፍረድ ሚዛኑን ያዛባል።

ጅማ ለዚህ ታሪክ የራሷን ነገር ጨመረች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 የጅማ ግብርና ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው ሲመሠረት ከኢንስቲትዩቱ የወረሰው ማኅበረሰብ ተኮር የትምህርት ፍልስፍና ነበረው። በ2005 ደግሞ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ የሚገኙ ስምንት የገጠርና ሁለት የከተማ ቀበሌዎችን የሚያቅፍ የመስክ ምርምር ማዕከል አቋቋመ። ከዚህ በታች የሚታየው ሰንሰለት በእነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም በሆስፒታሉና በመስክ ማዕከሉ መካከል የተዘረጋ ነው።

የመጀመሪያው ቀለበት፦ ሕሙማን ከየት ዞረው ይመጣሉ?

እሸቱ ግርማና ማርቆስ ተስፋዬ በ2011 ያሳተሙት ጥናት በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ያገኙ 384 ሕሙማንን ወደ ሆስፒታሉ ከመምጣታቸው በፊት የት የት እንደ ሄዱ ጠየቀ። የሕመሙ ምልክት ከታየበት ጊዜ ጀምሮ ዘመናዊ የአእምሮ ሕክምና እስከ ተገኘበት ድረስ ያለፈው ጊዜ አማካይ፣ በመካከለኛ ዋጋ ሲሰላ፣ 52.1 ሳምንት ሆኖ ተገኘ። ይህ አንድ ሙሉ ዓመት ነው። በቡናው አገር ለሚኖር ሰው ከአንዱ ለቀማ እስከ ቀጣዩ ለቀማ ያለው ጊዜ ማለት ነው፤ አንድ ቤተሰብ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያጣውን ጉልበትና የሚያወጣውን ገንዘብ አንባቢ መገመት አያዳግተውም።

በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ የመጡት 135 ሕሙማን፣ ማለትም 35.2 በመቶ ነበሩ። 116ቱ (30.2 በመቶ) አስቀድመው ወደ ሃይማኖታዊ ፈዋሾች፣ 77ቱ (20.1 በመቶ) ደግሞ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂዎች ሄደዋል። የሕመሙን ምክንያት ሲጠየቁ 198 ሰዎች (51.6 በመቶ) የመንፈስ ልክፍት፣ 61 ሰዎች (15.9 በመቶ) ቡዳ ብለዋል፤ 73 ሰዎች (19 በመቶ) ምክንያቱን አናውቅም ብለዋል።

ይህን ውጤት የሚጠቅስ ተማሪ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባዋል። ጥናቱ ያገኘው በመጨረሻ ሆስፒታል የደረሱትን ብቻ ነው። ከሊሙ ወይም ከጌራ ተነሥቶ በመንገድ የቀረ፣ ወይም ጭራሹን ከቤት ያልወጣ ሕመምተኛ በ384ቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ 52.1 ሳምንት በአካባቢው ያሉ ሕሙማን ሁሉ የሚዘገዩበት ጊዜ ተደርጎ መጠቀስ የለበትም፤ በሆስፒታል የተሠራ ጥናት ነውና። ጥሩ ጥናት ግን ገደቡ ራሱ ቀጣዩን ጥያቄ ይወልዳል፤ እዚህም የሆነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ቀለበት፦ ከሆስፒታል ወደ ቀበሌ

የሚቀጥለው ጥያቄ ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ያለው ሕዝብ ስለ አእምሮ ሕሙማን ምን ያስባል የሚል ነበር። የሁለቱ ተመራማሪዎች ቡድን በጀርመን ሙኒክ ከሚገኙ ባልደረቦች ጋር ሆኖ በ2013 በግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል በ845 ነዋሪዎች ላይ የተካሄደ የአድልዎና መገለል ጥናት አሳተመ። በ2014 ደግሞ ጥያቄው ወደ አስታማሚዎች ዞረ፤ ሕመምተኛ የሚንከባከቡ የቤተሰብ አባላት በራሳቸው ላይ የሚያሳድሩት የኀፍረት ስሜት ተመረመረ።

ሦስቱን ጽሑፎች ለየብቻ የሚቈጥር ኮሚቴ በመዝገቡ ላይ ሦስት መስመር ያያል። በቅደም ተከተል የሚያነባቸው ግን አንድ ሐሳብ ሲያድግ ያያል፦ ሕመምተኛው ለምን ዘገየ? ጎረቤቱ ምን አለ? ይዞት የመጣው ወንድም ወይም እናትስ ምን ተሸከሙ? የምርምር ዕቅድ የሚባለው ይህ ነው፤ በኤች-ኢንዴክስ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ሦስተኛው ቀለበት፦ መጠይቁ በየትኛው ቋንቋ ይሠራል?

በመዝገቡ ውስጥ ዘላቂ ውጤት ያስገኘው ክፍል በጅማ ሳይሆን በአዲስ አበባ ይጀምራል። በ2008 ሻርሎት ሃንሎን የመሯቸው ተመራማሪዎች ከወሊድ በኋላ የሚከሠትን ድባቴ ለመለየት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የኤዲንብራ መጠይቅ በገጠር ቡታጅራ ባሉ እናቶች ዘንድ በበቂ ሁኔታ እንደማይሠራ አሳዩ። በ2010 ማርቆስ ተስፋዬ ከሃንሎን፣ ከዳዊት ወንድማገኝና ከአታላይ ዓለም ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ያው መጠይቅ በአዲስ አበባ እናቶች ዘንድ ጥሩ ውጤት እንደሚሰጥ ተረጋገጠ። ቋንቋው አማርኛ፣ አገሩም አንድ ሆኖ ሳለ የገጠርና የከተማ ኑሮ ልዩነት የመሣሪያውን ብቃት ለወጠው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለጅማ ከባድ ነው። የጅማና የአጋሮ፣ የሊሙና የጌራ ገጠር በአብዛኛው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። የአማርኛ መጠይቅ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲሄድ ብቃቱ ከተለወጠ፣ ተተርጉሞ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ያለ ፍተሻ ሊታመን አይችልም። በ2018 ይትባረክ ወልደተንሳይና ባልደረቦቹ፣ ማርቆስ ተስፋዬና የጅማ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ተፈራ በላቸው የተካተቱበት ቡድን ሆነው፣ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉትን ፒኤችኪው-9 የተባለውን የድባቴ መለያ በኦሮምኛ ትርጉሙ በ246 ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ፈትሸው አሳተሙ።

የፍተሻው አሠራር ይህን ይመስላል። መጠይቁ ከ0 እስከ 27 ነጥብ ይሰጣል፤ በሌሎች አገሮች የተለመደው መነሻ 10 ነው። የእያንዳንዷ እናት ነጥብ ከሌላ የተሟላ የምርመራ ቃለ መጠይቅ ውጤት ጋር ሲነጻጸር፣ በኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድ ተስማሚው መነሻ 8 ሆኖ ተገኘ። በዚህ መነሻ መሣሪያው ድባቴ ካለባቸው እናቶች 80.8 በመቶውን፣ ከሌለባቸው ደግሞ 79.5 በመቶውን በትክክል ይለያል። የሁለት ነጥብ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በጤና ጣቢያ ግን 8 ወይም 9 ነጥብ ያገኘች እናት ተጨማሪ ምርመራ ይደረግላት ወይስ ወደ ቤቷ ትመለስ የሚለውን የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነው።

አራተኛው ቀለበት፦ መሣሪያውን ሌሎች ሲገለገሉበት

በዚያው በ2018 ይትባረክ ወልደተንሳይና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሌላ ጥናት 4,680 ነፍሰ ጡር እናቶችን በያዘ የእናቶችና ሕፃናት የክትትል ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው። የክትትል ጥናቱ ካካተታቸው ወረዳዎች ሁለቱ በጅማ ዞን የሚገኙት ጢሮ አፈታና ጎማ ናቸው፤ ጎማ ማለት ደግሞ ዋና ከተማው አጋሮ የሆነ፣ በቡናው የታወቀ ወረዳ ነው። ከእናቶቹ 10.8 በመቶው የድባቴ ምልክት ታይቶባቸዋል። የምግብ ዋስትና ማጣትና በትዳር ጓደኛ የሚደርስ ጥቃት ከምልክቱ ጋር ሲያያዙ፣ የማኅበራዊ ድጋፍ መኖር ደግሞ ከምልክቱ ማነስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ለክርክራችን ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ የክትትል ጥናቱ መነሻ ሥነ ምግብ እንጂ ሥነ አእምሮ አልነበረም። የሥነ አእምሮ ዕውቀት የዘርፉን አጥር አልፎ የምግብ እጥረትን በሚያጠኑ ሰዎች ሥራ ውስጥ የገባው በመጠይቁ በኩል ነው። የተጠቃሽነት ቁጥር ይህን መሻገር እንደ ማንኛውም አንድ ማጣቀሻ ይቈጥረዋል፤ ከአክብሮት የተጠቀሰውንና የጥናቱ ምሰሶ የሆነውን አይለይም።

ይሁንና ተጽዕኖ በትክክል ካልተነበበ ስሕተትንም ያሰራጫል። ለምሳሌ ያህል 1,000 ነፍሰ ጡሮች ቢኖሩና ከእነርሱ 100ዎቹ በእርግጥ ድባቴ ቢኖርባቸው፣ ከላይ በተጠቀሰው ብቃት መሣሪያው 81 ያህሉን ይለያል፤ 19 ያህሉ ያመልጡታል። ከቀሩት 900 ጤነኞች ደግሞ 20.5 በመቶውን፣ ማለትም 185 ያህሉን ሕመም አለባቸው ይላል። በጠቅላላ ከሚለያቸው 266 ያህል ሴቶች በእርግጥ ድባቴ ያለባቸው 30 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናሉ ማለት ነው። ስለዚህ መጠይቁ የልየታ እንጂ የምርመራ መሣሪያ አይደለም፤ በእርሱ የተገኘ አኀዝም «የድባቴ ምልክት ያለባቸው» እንጂ «ድባቴ ያለባቸው» ተብሎ መጠቀስ አይገባውም። ይህን ልዩነት ያልጠበቀ የመመረቂያ ጽሑፍ የጠቀሰውን ተመራማሪ የተጠቃሽነት ቁጥር በአንድ ያሳድገዋል፤ ሥራውን ግን ያበላሸዋል።

መዝገብን ለሚያነብ ተማሪና መርማሪ

ከዚህ ማሳያ በመነሣት የአንድን የሥነ አእምሮ ተመራማሪ መዝገብ ሲመረምሩ አምስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይጠቅማል። አንደኛ፣ ጽሑፎቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ ወይስ የተበታተኑ ናቸው? ሁለተኛ፣ ተመራማሪው ሌሎች የሚገለገሉበት መጠይቅ፣ የናሙና ማዕቀፍ ወይም የመረጃ ክምችት ትቷል? ሦስተኛ፣ የተፈተሸው መሣሪያ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ሕዝብ ዘንድ ነው የተፈተሸው? አራተኛ፣ በመጀመሪያ ደራሲነት የሚታዩት እነማን ናቸው? በእድሜ የገፋ ተመራማሪ ስም ወደ ኋላ፣ የወጣቶቹ ወደ ፊት መምጣቱ ብዙ ጊዜ የማስተማር ምልክት ነው እንጂ የድካም አይደለም። አምስተኛ፣ የጠቀሱት ሰዎች ሥራውን ለምን ጠቀሱት? ለመግቢያ ማድመቂያ ነው ወይስ ያለ እርሱ ጥናታቸው ባልቆመም ነበር?

እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ጽሑፎቹን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ቁጥሮች ተወዳጅ የሆኑበት አንዱ ምክንያትም ይህን ድካም ስለሚያስቀሩ ነው። ቁጥሮቹ ይጣሉ ማለት አይደለም። ኤች-ኢንዴክስ አንድ ሥራ መነበቡን ይጠቁማል፤ መነበቡ ምን እንዳስከተለ ለማወቅ ግን መዝገቡን መግለጥ ግድ ነው።

ማጠቃለያ

የጅማው መዝገብ የሚያስተምረው የሥነ አእምሮ ምርምር ተጽዕኖ ከሆስፒታል ወደ ቀበሌ፣ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው፣ ከአንድ የሙያ ዘርፍም ወደ ጎረቤቱ የሚጓዝ መሆኑን ነው። በ2011 የተነገረው የ52.1 ሳምንት መዘግየት የሚያጥረው ጥናቱ ብዙ ጊዜ በመጠቀሱ አይደለም። በጎማ ወይም በጢሮ አፈታ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ በእናቲቱ ቋንቋ፣ በእርሷው ሕዝብ ዘንድ በተፈተሸ መጠይቅ ጠይቆ መልሷን በትክክል ሲያነብ ነው። ስለዚህ በደቡብ ምዕራብ የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አዲስ የስርጭት ጥናት ከማቀዱ በፊት የሚገለገልበት መሣሪያ በዚያ ቋንቋና በዚያ ሕዝብ ዘንድ መፈተሹን ቢያጣራ፣ ካልተፈተሸም ፍተሻውን ራሱ የጥናቱ ርዕስ ቢያደርግ፣ ለዘርፉም ለሕሙማኑም የሚበጅ ሥራ ይሠራል። ኮሚቴዎችም እንዲህ ያለውን ሥራ ከአንድ ጽሑፍነት በላይ አድርገው መመዘን ይጠበቅባቸዋል።